በጥቂት በቆሎ የተሸጠችው ቢሾ ጃርሳ

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ሳናውቅ ነው ብዙዎቻችን እዚያ ያደግነው። በወረራው ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» የሚባል ድርጅት ነበር። «ካዘ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ሰፈሩ ፈረሰ፣ ስሙ ግን አለ። ቅኝ ገዥ ለራሱ ጉዳይ የጻፈው ነገር አንዳንዴ እንዲህ ለእኛ ይተርፋል። ዛሬ የምናወጋችሁ የቢሾ ጃርሳ ታሪክም የተረፈው በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ነው።

ቢሾ ኦሮሞ ናት። እ.ኤ.አ. በ1887 በደረሰው ድርቅና በሽታ እናትና አባቷ ሞቱ። በአባቷ ባሪያ እጅ ቀረች። (አዎ፣ አባቷም ባሪያ ነበረው። ይህን መዝለል አንችልም።) እህል ሲያልቅ ለነጋዴዎች ተሸጠች፤ ዋጋዋም ጥቂት በቆሎ ነበር። ስድስት ሳምንት ተጉዛ ቀይ ባሕር ደረሰች፣ ወደ ዓረብ ምድር በሚሻገር ጀልባም ተጫነች።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1888 «ኦስፕሬይ» የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሦስት ጀልባዎችን ይዛ 204 ሰዎችን ነጻ አወጣች። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ወደ ኤደን ተወሰዱ። ሙስሊም የሆኑትን ልጆች የከተማው ሙስሊም ቤተሰቦች ወስደው አሳደጓቸው፤ ቀሪዎቹን የስኮትላንድ ሚሲዮን ተረከበ።

ሚሲዮናውያኑ 64 ልጆችን፣ 42 ወንድና 22 ሴት፣ በአስተርጓሚ አንድ በአንድ ጠየቁ፦ አገርሽ የት ነው? ወላጆችሽ እነማን ናቸው? ማን ሸጠሽ? በምን? መልሱ ተጽፎ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀመጠ። ተመራማሪዋ ሳንድራ ሮወልት ሼል በ2018 መጽሐፍ አድርጋ አሳተመችው። ጠያቂዎቹ ነፍስ የመማረክ ዓላማ ነበራቸው፤ ቢሾን የምናገኛትም በአስተርጓሚ አፍና በባዕድ ብዕር ነው። በኤደን ሙስሊም ቤት ያደጉት ግን እዚህ መዝገብ ውስጥ የሉም። ቤተሰብ ውስጥ ገቡ፤ ቤተሰብ ደግሞ ልጁን ቁጭ አድርጎ ቃል አይቀበልም።

ደግሞም አንሸሽገው፤ የቀይ ባሕሩን የባሪያ ንግድ ባብዛኛው የያዙት ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። ስለ ቢላል (ረ.ዐ.) ስናወራ ድምፃችን ከፍ ይላል፣ ስለ እነዚህ ጀልባዎች ሲሆን ግን ዝቅ።

ኤደን ለልጆቹ አልተስማማቸውም፤ ሙቀቱና በሽታው ብዙዎቹን ጣለ። ስለዚህ ሚሲዮኑ ወደ ደቡብ አፍሪካው የሎቭዴል ትምህርት ቤት ላካቸው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ኦገስት 21 ቀን 1890፣ ደረሱ። ቢሾ ለቤት ሠራተኝነት ሠለጠነች፤ ግን ከኦሮሞዎቹ ሴቶች መምህርነት የተማሩት ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንዷ እሷ ነበረች። በ1902 ክራዶክ ከተማ ማስተማር ጀመረች። በ1909 አሥራ ሰባቱ ጓደኞቿ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ እሷ እዚያው ቀረች፣ በ1911 ፍሬድሪክ ሺፐርስ የተባለ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አገባች። ልጇን ዲምቢቲ አለቻት፤ የዲምቢቲ ልጅ ደግሞ ከ1964 እስከ 1974 በሮበን ደሴት የታሰረው የነጻነት ታጋይ ኔቪል አሌክሳንደር ነው።

ኔቪል ልጅ ሳለ አያቱ በእርጅናዋ ማንም በማይገባው ቋንቋ ብቻዋን ታወራ ነበር። ልጆቹ «አያታችን ምን ሆና ነው?» ብለው እናታቸውን ይጠይቃሉ።

«ተዉአት፣ ከአምላክ ጋር እያወራች ነው» ትላቸው ነበር። የአያቱን ታሪክ የሰማው ጎረምሳ ከሆነ በኋላ ነው።