የጣውላው ፈረስ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። ነገሩ የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ነው። ከበርሊን በስተደቡብ ምሥራቅ 160 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለችው በሳጋን ከተማ አጠገብ፣ ጥድ የከበበው የምርኮኞች ካምፕ ነበር። ስታላግ ሉፍት ሦስት ይሉታል። የታጎሩበት በአብዛኛው አውሮፕላናቸው የተመታባቸው የአየር ኃይል ሰዎች ናቸው፤ የሚጠብቃቸውም የጀርመን አየር ኃይል ራሱ።

ጀርመኖቹ ያን ስፍራ የመረጡት በዋዛ አልነበረም። የላዩ አፈር ግራጫ ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን ደማቅ ቢጫ አሸዋ። የቆፈረ ሰው እፍኝ አሸዋ ቢያፈስ ከሩቅ ያስታውቅበታል። መኝታ ቤቶቹን ዘብ ጎንበስ ብሎ ከሥራቸው ያለውን እንዲያይ ከመሬት ከፍ አድርገው ሠሯቸው፤ ከአጥሩ ሽቦም አራቋቸው። ይህ አልበቃ ብሏቸው የቁፋሮ ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ መሬት ውስጥ ቀበሩ። ታዲያ በየት በኩል ይወጣል?

ኤሪክ ዊልያምስና ማይክል ኮድነር የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን መላ መቱ። ኮድነር እንኳ መድፈኛ እንጂ የሰማይ ሰው አልነበረም። መላው ምን መሰላችሁ? ጉድጓዱን ከቤት ሳይሆን ከሜዳው መሀል፣ ከሽቦው አቅራቢያ፣ በዘቡ ዓይን ሥር መጀመር! የቀይ መስቀል እርዳታ ከመጣበት ሣጥን ጣውላ ለቅመው፣ ስፖርተኞች ሮጠው የሚዘሉትን ዓይነት መዝለያ ሠሩ፤ ውስጡ ባዶ ነው። የጥንት ግሪኮች በእንጨት ፈረስ ተደብቀው ትሮይ ገቡ ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ በእንጨት ፈረስ ሊወጡ ተነሡ።

በየቀኑ ፈረሱን ተሸክመው እዚያችው ቦታ ላይ ያኖሩታል። ሆዱ ውስጥ ሰው አለ። ሰውየው የጉድጓዱን መክደኛ ከፍቶ ይገባና በጎድጓዳ ሳሕን ይቆፍራል፤ አየር ሲያጥረው በብረት ዘንግ ወደ ላይ ይወጋል። ሲጨርስ መክደኛውን ገጥሞ ግራጫውን አፈር ይነሰንስበታል። ከዚያ ቢጫው አሸዋም እሱም በፈረሱ ሆድ ተጭነው ይመለሳሉ።

ላዩ ላይ የሚዘሉትን ግን አትርሷቸው። ለእኔ የታሪኩ ጀግኖች እነሱ ናቸው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ በምርኮኛ ቀለብ፣ ሌላ ሰው እንዲያመልጥ ዘለሉ! እግራቸው መሬቱን ሲደልቀው የቁፋሮው ድምፅ ይዋጣል። ዘቡም ቆሞ ያያል፤ የሚያየው ዝላዩን ነው።

ኦሊቨር ፊልፖት የሚባል አብራሪ ሦስተኛ ሆኖ ተጨመረ። ዋሻው ከ30 ሜትር በላይ ሲደርስ፣ ጥቅምት 29 ቀን ማምሻውን ሦስቱም ከሽቦው ማዶ ብቅ አሉ። ዊልያምስና ኮድነር በባቡር ስቴቲን ወደብ ደረሱ፤ ከዚያ በመርከብ ተደብቀው በዴንማርክ በኩል ስዊድን ገቡ። ፊልፖት የኖርዌይ ማርጋሪን ነጋዴ ነኝ ብሎ በባቡር ዳንዚግ ወረደ፤ እሱም በስዊድን መርከብ ተሸሸገ። ስዊድን ገለልተኛ አገር ነበረችና ሦስቱም ነፃ ወጡ።

አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1944፣ ከዚያው ካምፕ ከሌላው ግቢ 76 ምርኮኞች በሌላ ዋሻ አመለጡ። 73ቱ ተያዙ። ከተያዙት 50ዎቹን የናዚ ምሥጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ በሂትለር ትእዛዝ ረሸናቸው።