የእንግዳ መምህር ውለታ

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ የሚገኘው ጎሮ፣ ቀድሞ የእርሻ መሬት የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፓርክ የተቋቋመበት የከተማ ክፍል ሆኗል። በዚያ የሚሠራው ባለሙያ የመሣሪያውን መመሪያም ሆነ የሙያውን መጽሐፍ የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። የመሐንዲሱም ሙያ ከዚህ አይለይም፤ ስታንዳርዱም ስፔሲፊኬሽኑም በዚያው ቋንቋ ይጻፋል። ቋንቋው ወደ ሙያችን እንዴት እንደ ገባ ለመረዳት፣ አገራቸውን ትተው ለማስተማር ወደ ኢትዮጵያ የመጡትን መምህራን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል።

እንግሊዝኛ ከመነሻው የዘመናዊ ትምህርት ቋንቋ አልነበረም። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ሲከፈት (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መምህራኑ ግብፃውያን ቅብጦች ነበሩ፤ ከውጭ ቋንቋዎችም ከፍ ያለ ቦታ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። የኢጣሊያ ጦር በ1941 ድል ከሆነ በኋላ ግን ፈረንሳይኛ ቦታውን ለእንግሊዝኛ ለቀቀ። ከጎሮ በስተሰሜን በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1943፣ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ደግሞ በ1946 ተከፈቱ። በ1950 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳውያን ኢየሱሳውያን አመራር ሥራውን ጀመረ፤ በ1952 የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ተከተለ። በእነዚህ ሁሉ ሒሳቡም ፊዚክሱም የተሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ነበር፣ ቋንቋውን ያላወቀ ተማሪ ወደ ሙያው በር ሊደርስ አይችልም ነበር።

በ1961 የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ በተደረገ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ በትምህርት ስርጭት ከብዙዎቹ ወደ ኋላ መቅረቷ ግልጥ ሆኖ ታየ። ትምህርት ቤት በፍጥነት ሊሠራ ይችላል፤ መምህር ግን በጥቂት ወራት አይፈጠርም። ስለዚህ በመስከረም 1962 ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ፈቃደኞች በሃሪስ ዎፎርድ መሪነት መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተመደቡ። ከእነርሱ አንዱ በወሊሶ ያስተማረውና በኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆነው ፖል ሶንጋስ ነበር። አብዛኞቹ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ተማሪው ቋንቋውን ከባለቤቱ አንደበት መስማቱ ታላቅ ጥቅም ነበር። ይሁን እንጂ የአገልግሎቱ ዘመን ሁለት ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ ተማሪው የመምህሩን አነጋገር፣ መምህሩም የተማሪውን ችግር በሚገባ ሲለምድ የመለያያው ጊዜ ይደርስ ነበር።

ይህን ጉድለት የሚያቃልል አንድ እርምጃ በ1964 ተወሰደ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በገጠርና በአውራጃ ከተሞች እንዲያስተምሩ ተደነገገ። አብዮቱ በ1974 ከፈነዳ በኋላ ደግሞ ትምህርት ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ፣ የሰላም ጓድ በ1977 ከአገር ወጣ። ድጋፉ ሲነሣ ሸክሙ በአገሩ መምህራን ላይ ወደቀ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ቋንቋውን ራሳቸው በሁለተኛ እጅ የተማሩ ነበሩ።

በ2004 እንግዳው መምህር በሌላ መልክ ተመለሰ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ትምህርት በሳተላይት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መሰራጨት ጀመረ፤ ሕዝቡም «ፕላዝማ» አለው። መሣሪያው ሩቅ አገር ያለውን መምህር በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ ክፍሎች ማድረስ ችሏል። ነገር ግን በመስኮቱ የሚናገረው ሰው ያልገባውን ተማሪ አያየውም፤ ቆሞም አይጠብቀውም። የወሊሶው ወጣት፣ ልምድ ቢያጥረውም፣ ይህን ማድረግ ይችል ነበር።

አርማታ ሲፈስ ከሥሩ የሚቆመው የእንጨት ድጋፍ ጊዜው ሳይደርስ ከተነሣ ሕንፃው ይሰነጠቃል፤ ሳይነሣ ከቀረም ሕንፃው ራሱን ችሎ ቆሟል ሊባል አይችልም። የእንግዶቹ መምህራን ውለታ የሚመዘነው ስንት ዓመት በመቆየታቸው ሳይሆን፣ እነርሱ በነበሩበት ጊዜ ስንት የአገር መምህር በመዘጋጀቱ ነው። በ1943 እንግዳ መምህራንን የተቀበለችው ኮተቤ ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። የጎሮው ባለሙያና የነገው መሐንዲስ ቋንቋውን የሚያገኙት ከዚያና ከመሰሎቹ ከሚወጡት መምህራን ነውና፣ ለእነዚህ መምህራን ዝግጅት የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ የሙያችንም መሠረት ዋጋ ነው።