የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ይላል ያገራችን ሰው፤ ለባዳ ለስላሳ፣ ለቤተሰቡ ግን እሾህ የሆነውን አባወራ ሲያማው። እኔ ዛሬ የማማላችሁ ግን ሰው አይደለም፤ ጋዝ ነው። ስሙ ራዶን ይባላል። ከመሬት ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲሆን ነፋስ በትኖት ይሄዳል፤ ማንንም አይጎዳም። ቤት ገብቶ በርና መስኮት ሲዘጋበት ግን ይጠራቀምና ሳንባ ይበላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ተረቱ ለሱ የተተረተ ነው የሚመስለው።

«ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰውን ከጋዝ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። የሚያገናኘኝ ታሪኩ ነው። የራዶን ታሪክ ከቤተ ሙከራ አይጀምርም፤ ተረት ከሚመስል አንድ ወሬ ነው የሚጀምረው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁና ወደ ነገሬ ልግባ።

ዛሬ ጀርመንንና ቼክን በሚያዋስነው ድንበር ላይ የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት አለ። ስሙ ሲተረጎም «የማዕድን ተራሮች» ማለት ነው። በጀርመን በኩል ሽኔበርግ፣ በቼክ በኩል ያኪሞቭ የሚባሉ ከተሞች አሉ። ያኪሞቭን ጀርመኖቹ ዮአኪምስታል ይሏታል። በ1516 ዮአኪምስታል ላይ ብር ተገኘ። ብሩ ገንዘብ ሆኖ ተመታ፤ ገንዘቡም በከተማዋ ስም «ዮአኪምስታለር» ተባለ። ስሙ ሲረዝምባቸው «ታለር» ብለው አሳጠሩት። «ዶላር» የሚባለውም ቃል የዚሁ የታለር ልጅ ነው። ዘሩ እኛም ቤት ደርሷል። አያቶቻችን በሬ የገዙበት፣ ጥሎሽ የቆጠሩበት፣ ማርያ ቴሬዛ የተቀረጸችበት ጠገራ ብር ታለር ነበር። እና የዚያች ከተማ ጉድጓድ ለኛ ፍጹም ባዳ አይደለም።

ከ1527 ጀምሮ ጥቂት ዓመታት የዮአኪምስታል ሐኪም ሆኖ የሠራው ጊዮርጊዮስ አግሪኮላ የሚባል ሊቅ ነበር። ስለ ማዕድን ሥራ በላቲን የጻፈው ትልቁ መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1556 ነው። ይህን መጽሐፍ በ1912 ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ኸርበርት ሁቨር ከ17 ዓመት በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ተርጓሚ ምን ሊሆን ይችላል ብላችሁ አትናቁ!

አግሪኮላ ከዘገባቸው ነገሮች አንዱን ያነበበ ሰው ቶሎ አይረሳውም። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ በካርፓቲያን ተራሮች የማዕድን ሠፈሮች፣ ሰባት ባል አግብተው ሰባቱንም በሳንባ በሽታ የቀበሩ ሴቶች እንዳሉ ጽፏል። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ለነዚያ ሴቶች ስም አናጣላቸውም ነበር። «ገፊ ናት» ብለን ስምንተኛውን ባል እናስመልጥባቸው ነበር። አመሉ የኛ ብቻም አይደለም። መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ ሰው የራጉኤልን ልጅ ሣራን ያስታውሳታል። ሰባት ባሎቿ ተራ በተራ ሲሞቱባት፣ ገዳያቸው አንቺ ነሽ እየተባለች በገዛ አባቷ ቤት ተሰድባለች። ገዳዩ ግን ዓይን የማያየው ነበር።

የማዕድን ቆፋሪዎቹም ገዳዩን ከማይታየው ዓለም ፈልገውታል። ጉድጓዱ ውስጥ «ኮቦልድ» የሚሉት ጋኔን አለ ብለው ያምኑ ነበር። ኮባልት የሚባለው ማዕድን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ጋኔን ነው። አግሪኮላ ራሱ በጉድጓድ መናፍስት መኖር ያምን ነበር። ይሁን እንጂ በጋኔን ብቻ አላመካኘም። የድንጋዩን ብናኝና የታፈነውን አየርም ከሰሰ። መጽሐፉ ውስጥ ንጹህ አየር ወደ ጉድጓድ የሚያወርዱ ወናፎችን፣ ማራገቢያዎችንና የነፋስ መቀበያዎችን በሥዕል አስደግፎ አስተምሯል። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ። መድኃኒቱ ማለት አየር ማናፈስ ነው፤ እሱ ደግሞ የበሽታው ስም ሳይታወቅ በፊት ይታወቅ ነበር።

ስሙ እስኪታወቅ ሦስት መቶ ዓመት አለፈ። ፓራሴልሰስ ስለ ማዕድን ቆፋሪዎች በሽታ የጻፈው መጽሐፍ እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1567 ታተመ፤ በሽታውን «የተራራ በሽታ» ይለዋል። በ1879 ደግሞ ሄርቲንግና ሄሰ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች የሽኔበርግን ሟቾች መርምረው የአብዛኞቹ ገዳይ የሳንባ ካንሰር መሆኑን አስታወቁ። እግረ መንገዴን፣ ሄሰ ባለቤቱ ፋኒ ትባላለች። ዛሬ በየላቦራቶሪው ባክቴሪያ የሚበቅልበትን አጋር ለሳይንስ ያበረከተችው እሷ ናት፤ ከማድቤቷ፣ ጄሊ ከምትሠራበት ማርጊያ ወስዳ። ማድቤት ለሳይንስ ያደረገውን ውለታ አንርሳ፤ ሳይንስ ለማድቤት ውለታውን ስለመመለሱ ግን ኋላ እናያለን።

በ1898 ማሪና ፒየር ኩሪ ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። በኋላ ራዲየሙን ለይተው ለማውጣት በቶን የሚቆጠር የማዕድን ዝቃጭ ያስጫኑት ከየት መሰላችሁ? ከዚያችው ከዮአኪምስታል! በ1900 ፍሪድሪክ ኤርንስት ዶርን የሚባል ጀርመናዊ ራዲየም ጋዝ እንደሚያመነጭ አስተዋለ። በኋላ ራዶን የተባለው ይኸው ነው። አፈርና ድንጋይ ውስጥ ያለው ዩራኒየም ቀስ በቀስ እየፈረሰ ራዲየም ይሆናል፤ ራዲየም ሲፈርስ ራዶን ይሆናል። ራዶን ደግሞ በ3.8 ቀን ውስጥ ግማሹ ይፈርሳል። የሚወልዳቸው እነ ፖሎኒየም ጋዝ አይደሉም፤ ብናኝ ላይ ተለጥፈው ከትንፋሽ ጋር ይገቡና ሳንባ ውስጥ ተቀምጠው ይፈነዳሉ። ጋኔኑ በመጨረሻ ስም አገኘ። በካርፓቲያን ያ ሁሉ ባል በራዶን ብቻ አለቀ አልልም፤ የድንጋይ ብናኙም፣ የሳንባ ነቀርሳውም ድርሻ ነበራቸው። የሽኔበርጉ ገዳይ ግን ተይዟል።

እንግዲህ ስሙ ታወቀ፣ መድኃኒቱም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ታሪኩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዩራኒየም የቦምብ ቀለብ ሆነ። በምሥራቅ ጀርመን ቪስሙት የሚባለው ድርጅት ከ1946 እስከ 1990 ለሶቪየት ኅብረት ዩራኒየም ቆፈረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አየር ማናፈሻ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በሳንባ ካንሰር አለቁ። በያኪሞቭ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቆፈሩት የፖለቲካ እስረኞች ነበሩ። «ያ እኮ ኮሙኒዝም ነው» እንዳትሉ፣ አሜሪካን እንይ። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በ1950 የዩራኒየም ቆፋሪዎችን ማጥናት ጀመረ። ከመካከላቸው ብዙ የናቫሆ ሕንዶች ነበሩ። ሐኪሞቹ ጉድጓድ እንዲገቡ ሲፈቀድላቸው ስለ አደጋው ለሠራተኛው ላይናገሩ ተስማምተው ነበር። ደሙን ይቀዳሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ይሄዳሉ። ኮንግረስ ይቅርታ ጠይቆ ካሣ የወሰነው በ1990 ነው፤ አርባ ዓመት ቆይቶ። የጎደለው እውቀት አልነበረም። ጉድጓድ የሚወርደው ሰው ዋጋ ነበር የረከሰው።

ታዲያ የማዕድን ቆፋሪው ጣጣ ሳሎናችን ድረስ እንዴት መጣ? ስዊድናዊው ቤንግት ሁልትክቪስት በ1950ዎቹ ውስጥ ተራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ራዶን ለክቶ በ1956 አሳትሞ ነበር፤ ሰሚ ግን አልነበረም። ከ1973 የነዳጅ ቀውስ በኋላ ደግሞ የሰሜኑ ዓለም ሙቀት እንዳያመልጠው ቤቱን ይደፍን ጀመር። አሁን ወደ 1984 ታኅሣሥ እንምጣ። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ሊመሪክ የሚባል የኒውክሌር ኃይል ጣቢያ እየተጠናቀቀ ነው፤ ገና ኤሌክትሪክ ማመንጨት አልጀመረም። ስታንሊ ዋትራስ የሚባል መሐንዲስ በመውጫው በር ባለው የጨረር መፈተሻ ባለፈ ቁጥር ደወሉ ይጮህበታል። ሰውየው ግራ ቢገባው አንድ ቀን ጠዋት ገና ከቤቱ እንደመጣ፣ ሥራ ሳይጀምር፣ ቀጥ ብሎ መፈተሻው ላይ ቆመ። ጮኸ! ጨረሩን ይዞ የመጣው ከገዛ ቤቱ ነበር። ቤቱ ሲለካ በአንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ መቶ ሺህ ቤክረል ገደማ ተገኘበት። ቤክረል ማለት በሴኮንድ አንድ አቶም ሲፈርስ ነው። የአሜሪካ መንግሥት «ቤታችሁን አስተካክሉ» የሚለው 148 ሲደርስ ነው። የጎረቤቱ ቤት ግን እንዲያ አልነበረም። ለዚህ ነው ሳይለኩ ማወቅ የማይቻለው፤ የጎረቤት ቤት ምስክር አይሆንም።

አገባቡ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ በምትኩ ቤቱ ከሥሩ፣ ከወለሉ ስንጥቅና ከቧንቧው ዙሪያ፣ የአፈሩን ትንፋሽ ይስባል። ብርድ አገር፣ ምድር ቤት ያለው፣ ድፍን ቤት ሲሆን ይብሳል። በ1988 የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም ራዶንን ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው። በ2003 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት ግምት በዚያ አገር በዓመት 21 ሺህ ያህል ሰው ከራዶን በመጣ የሳንባ ካንሰር ይሞታል ይላል፤ 2,900 ያህሉ ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ናቸው። ለአጫሹ ደግሞ ሁለቱ ተጋግዘው ይመጡበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ከተቻለ ከ100 ቤክረል አይለፍ፣ ካልተቻለም ከ300 አይብለጥ ብሏል።

«ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ ወገኖቻችን የት እንደሚኖሩ አስቡ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ቤት የሚሸጥ ሰው ራዶን እንዲያስለካ በሕግ አስገድዷል። እዚያ ከኛ ሰው ቤዝመንት የማያውቅ ማን አለ? ከኢትዮጵያ አዲስ የመጣ ወንድም፣ ልጅ ልትጠብቅ የመጣች እናት፣ የታክሲ ሹፌሩ ደባል፣ ማረፊያቸው ቤዝመንት ነው። ራዶን የሚተኛውም እዚያው ነው። ቤቱ ሲሸጥ ለገዢው ይለካል፤ ዓመታት ለተኛበት እንግዳ ግን ባለቤቱ ካላሰበለት ማን ያስብለታል? መለኪያው ውድ ነገር አይደለም። አንዱ ዓይነት እንዲያውም በከሰል የተሞላች ትንሽ ቆርቆሮ ናት። ለጥቂት ቀናት በተዘጋ ቤት ትቀመጥና ወደ ላቦራቶሪ ትላካለች፤ ከሰሉ ራዶኑን ጠጥቶ ይጠብቃል። ብዙ ከተገኘ ወለሉ ተበስቶ ቱቦ ይቀበራል፤ ማራገቢያው የአፈሩን ትንፋሽ ከጣሪያ በላይ ያወጣዋል። የአግሪኮላ ወናፍ ማለት ነው፤ የተገለበጠ።

ከሰል ካነሳን ወደ ቤታችን እንግባ። እዚያ ነፍስ የሚያድነው ከሰል እዚህ ነፍስ ያጠፋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ማንደጃ አስገብተው፣ በር ዘግተው፣ ሳይነጉ የቀሩ ሰዎች ዜና እንሰማለን። የከሰሉ ጋዝ እንደ ራዶን ሽታ የለውም፤ ልዩነቱ ራዶን ዓመታት ይወስድበታል፣ ያኛው አንድ ሌሊት ይበቃዋል። የማገዶውን ጭስ ግን እናየዋለን፣ እናሸተዋለን፣ ዓይናችንን ያስለቅሰናል፤ እንዲያም ሆኖ «ጋኔን» ያህል እንኳ ስም አልሰጠነውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 የቤት ውስጥ ጭስና ብናኝ በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል ይላል። ሟቾቹ በአብዛኛው እንደኛ ባለ አገር የሚኖሩ ናቸው፤ ለጭሱ ይበልጥ የሚጋለጡትም ማድቤት ውስጥ የሚውሉ እናቶችና እናታቸው ጀርባ ላይ የታዘሉ ሕፃናት ናቸው።

እዚህም ቢሆን የጠፋው እውቀት አይደለም። «ላቀች» የከሰል ምድጃና «ምርት» የእንጀራ ምድጃ እዚሁ አገር በ1990ዎቹ ተሠርተው ቀርበዋል። ጭስ ማውጫ ምን እንደሆነ የማያውቅ ግንበኛ የለም። ሆኖም ቪላ ስንሠራ ለሳሎኑ እብነ በረድ እንመርጣለን፤ የሠራተኛዋ ማድቤት ግን በግቢው ጥግ፣ በቆርቆሮ፣ ያለ መስኮት ይሠራል። ሳሎን ያለው እንግዳ ያየናል፤ ማድቤት ያለችውን ሴት ማን ያያታል? ከሽኔበርግ ጉድጓድ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት፣ ከዚያም እስከኛ ማድቤት ያየሁት ነገር አንድ ነው፤ መጥፎው አየር የሚቀመጠው ዝቅ ያለው ሰው ዘንድ ነው።

በዚህ ላይ እኛ ነፋስ እንፈራለን። ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው «ኧረ ዝጋው፣ ሊመታን ነው!» ይባላል። ያ ሁሉ የመጻሕፍት ክምር፣ ያ ሁሉ ሬሳ ግን ለአራት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ የሚለን ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው የገደለው የገባው ነፋስ ሳይሆን ያልወጣው አየር ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ቤዝመንታችሁን አስለኩ፤ እንግዳችሁ ከመምጣቱ በፊት። እዚህ ያለን ደግሞ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለን ውጭ እናጥፋ፤ ማድቤቱንም ከመቀባታችን በፊት ግድግዳውን በስተን መስኮት እናውጣለት። አንድ ግንበኛና ግማሽ ቀን ይበቃል።

ቸር እንሰንብት።