ሴቶች በኦፕን ሶርስ ሥራ ያላቸው ድርሻና የኅብረት ሥራው ደንብ

በኮምፒውተር ትምህርት ላይ ያለ ተማሪ ‹ኦፕን ሶርስ› የሚለውን ስም ሳይሰማ አንድ ሳምንት አያልፍም፡፡ ስሙን ያወጣው ማን እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቅም ቢገኝ ካንድ ወንድ በቀር ሌላ አይገምትም፡፡ ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው፡፡ በ1998 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በጃንዋሪ ወር ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ የኢንተርኔት መመልከቻውን ፕሮግራም ምንጭ ጽሑፍ ለሕዝብ እሰጣለሁ ብሎ አስታወቀ፡፡ በዚህ ምክንያት በካሊፎርኒያ የሚገኙ ጥቂት ሰዎች ይህን ዓይነት ሶፍትዌር ለነጋዴው ዓለም እንዴት እንደሚያስረዱት ይመክሩ ጀመር፡፡ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስሙ በእንግሊዝኛ ‹ፍሪ ሶፍትዌር› ነበር፡፡ ‹ፍሪ› ማለት ነጻነት ያለው ማለትም፣ ዋጋ የሌለው ማለትም ስለ ሆነ ሰሚው ሁሉ ከዋጋው ላይ ይቆም ነበር፡፡ (እኛም በአማርኛ ‹ነጻ› ስንል ከዚያው ችግር እንወድቃለን፡፡)

በዚህ ጊዜ የፎርሳይት ኢንስቲትዩት መሥራቾች ከሆኑት አንዷ ወይዘሮ ክሪስቲን ፒተርሰን ‹ኦፕን ሶርስ›፣ ይኸውም ምንጩ የተከፈተ፣ የሚል ስም አሰቡ፡፡ በፌብሩዋሪ በተደረገው ስብሰባ ላይ ግን ስሙን በግልጽ አላቀረቡም፡፡ ከተሰብሳቢዎቹ የሚበዙት አያውቋቸውም ነበርና፣ ‹እኔ ያወጣሁትን ቃል ያዙ› ብሎ መናገር የሚያዋጣ መስሎ አልታያቸውም፡፡ ሐሳባቸውን የወደደ አንድ ባልንጀራቸው ቃሉን በንግግሩ መካከል እንደ ዋዛ ጣል አደረገው፤ ጥቂት ቈይቶ ሌላው ደገመው፤ ስብሰባው ሳይፈታ ስሙ የሁሉ ሆነ፡፡ ወይዘሮ ፒተርሰን ታሪኩን ለሕዝብ ያወጡት ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2018 ነው፡፡

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ ማጣፈጫ አይደለም፡፡ ከዚህ በታች የምናየው ጉዳይ ሁሉ በዚህ ትንሽ ታሪክ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚገኝ ነው፡፡ ሴቲቱ በስብሰባው አሉ፤ ሐሳቡም አላቸው፤ የቸገረው የሚገባበት በር ነበር፡፡

የኦፕን ሶርስ አሠራር ካገራችን ደቦ ጋር የሚመሳሰልበት መልክ አለው፡፡ የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ ለሁሉ የተከፈተ ስለ ሆነ ማንም አንብቦ፣ ጉድለቱን አርሞ፣ እርማቱን ይልካል፤ የሥራው ኀላፊዎች መርምረው ይቀበሉታል ወይም ይመልሱታል፡፡ ሠራተኞቹ በአካል ሳይተዋወቁ በጽሑፍ ብቻ ስለሚገናኙ፣ ‹እኛ ዘንድ የሚመዘነው ሥራው ነው እንጂ ሰውየው አይደለም› የሚል እምነት ከጥንት ጀምሮ አላቸው፡፡ ነገር ግን በደቦ ቀን አራሹና አጫጁ በቍጥር ሲገባ፣ ጠላውን የጠመቀችውና እንጀራውን የጋገረችው ከሠራተኛው ጋር አትቈጠርም፡፡ በኦፕን ሶርስም መመሪያ መጻፍ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ መተርጐም፣ ስብሰባ ማሰናዳት፣ ከፕሮግራም ጽሕፈት በታች ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፡፡ (በክፍላችን የቡድን ሥራ በተሰጠ ጊዜ ሪፖርቱን መጻፍ ለማን እንደሚደርስ የምናውቅ እናውቃለን፡፡)

ሴቶች ከመጀመሪያው አልነበሩም ማለት ግን አይቻልም፡፡ በ1993 የተጀመረው ዴቢያን ስሙ የተገኘው ከመሥራቹ ከሚስተር ኢያን መርዶክና በዚያን ጊዜ እጮኛቸው ከነበሩት ከዴብራ ስም ነው፡፡ ይህ የስም ነገር ብቻ ነው ቢባል፣ የሕግ ባለሙያዋን ወይዘሮ ሚቸል ቤከርን እንመልከት፡፡ የኔትስኬፕ ምንጭ ጽሑፍ ሲከፈት ሥራው የሚተዳደርበትን የሞዚላን ፈቃድ የጻፉ እሳቸው ናቸው፡፡ በ1999 የሞዚላን ሥራ መምራት ጀመሩ፤ በ2001 ከደመወዝተኝነት ከተሰናበቱም በኋላ በበጎ ፈቃድ መምራታቸውን አልተዉም፡፡

ሆኖም ቍጥሩን ስናይ ያሳፍራል፡፡ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተካሂዶ በ2006 የወጣው ፍሎስፖልስ የተባለው ጥናት፣ በኦፕን ሶርስ ሥራ ካሉት ሰዎች መካከል ሴቶቹ ከመቶ 1.5 ያህል ብቻ መሆናቸውን ገለጠ፡፡ ባለቤት ባለውና ለገበያ በሚቀርበው ሶፍትዌር ሥራ ግን ሴቶቹ ከመቶ 28 ነበሩ፡፡ ሁለቱም ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ የሚጠይቁት ዕውቀት አንድ ነው፡፡ እንግዲህ ልዩነቱ ከችሎታ የመጣ ነው የሚል ሰው ይህን ቍጥር ማስረዳት ሊቸግረው ነው፡፡ የጥናቱ አዘጋጆች የሰጡት ምክንያት የአኗኗሩንና የአነጋገሩን ልማድ ነው፤ ያለ ደመወዝ የሚጠፋው ረጅም ሰዓት፣ ለጀማሪ ጥያቄ የሚሰጠው ስድብ የተቀላቀለበት መልስ፣ ከፕሮግራም ጽሕፈት ውጭ ያለው ሥራ መናቁ፡፡

ከዚያ በፊትም ቢሆን ሴቶቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም፡፡ በ1999 ወይዘሮ ዴብ ሪቻርድሰን ሊኑክስቺክስ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፡፡ የማኅበሩ ዋና ደንብ ሁለት ብቻ ነበር፤ ትሑት ሁን፣ ረዳት ሁን፡፡ ደንቡ ለሕፃናት ትምህርት ቤት የተጻፈ ይመስላል ብሎ የሚሥቅ አይጠፋም፤ ነገር ግን በዚያን ዘመን የሊኑክስ ሠራተኞች በጽሑፍ ይለዋወጡት የነበረውን ቃል ያነበበ ሰው አይሥቅም፡፡ በ2004 ደግሞ በዴቢያን ውስጥ የሴቶች ክፍል ተመሠረተ፡፡

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን በ2006 በግኖም ዘንድ የሆነው ነው፡፡ ግኖም በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ተጠቃሚው ፊት ለፊት የሚያያቸውን መስኮቶችና ምልክቶች የሚሠራ ማኅበር ነው፡፡ ጉግል ተማሪዎች በዕረፍታቸው ወራት እየተከፈላቸው በኦፕን ሶርስ እንዲሠሩ የሚያደርግበት ፕሮግራም ነበረውና፣ በዚያ ዓመት ከግኖም ጋር ለመሥራት 181 ተማሪዎች አመለከቱ፡፡ ከነዚህ አንዲት ሴት አልነበረችም፡፡ ይህን ያየ ሰው ሴቶች ሥራውን አይፈልጉም ብሎ ቢፈርድ አይፈረድበትም፡፡ የግኖም ሰዎች ግን ከመፍረድ ይልቅ መሞከርን መረጡ፡፡ ሐና ዋላክና ክሪስ ቦል አስተባባሪ ሆነው፣ ሴት ተማሪዎች እንዲያመለክቱ በግልጽ የሚጠራ ሌላ ፕሮግራም በዚያው ክረምት አወጡ፤ 100 ሴቶች አመለከቱ፡፡ የተቀበሏቸው 6 ነበሩ፡፡

እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ጐን ለጐን አድርገን እንያቸው፡፡ ማኅበሩ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ የሥራው ዓይነት አንድ፤ በሁለቱም ክፍያ አለ፡፡ የተለወጠው ጥሪው ነው፡፡ በመጀመሪያው ጥሪ ‹ማንም ይምጣ› ተባለ፤ ያ ‹ማንም› የተባለው ቃል እነርሱን እንደሚጨምር ሴቶቹ እንዳልተሰማቸው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይገኛል?

ይህ ሥራ ለአራት ዓመት ያህል ተቋርጦ ቈየ፡፡ በ2010 መጨረሻ ላይ እንደገና ሲጀመር የመሩት የሬድ ሃት መሐንዲስ የነበሩት ወይዘሮ ማሪና ዡራኪንስካያ ናቸው፤ በ2022 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፡፡ እኔ በበኩሌ የማደንቀው የአሠራሩን ዘዴ ነው፡፡ አመልካቿ ከመመረጧ በፊት ከምትፈልገው የሥራ ክፍል አንዲት ትንሽ እርማት ሠርታ ታቀርባለች፤ ያን ጊዜ የሚረዳት፣ ስሙ የታወቀ አሠልጣኝ ይመደባል፡፡ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ የምትጠይቀው በሺሕ የሚቈጠር ሰው በሚያነብበት ቦታ ብቻ ሳይሆን፣ ሊመልስላት ቃል ለገባ ሰው ነው፡፡ በ2013 የሊኑክስ ዋና ክፍል የሆነው ከርነልም ገባበት፡፡ በ2015 ስሙ አውትሪቺ ተባለ፤ ከሴቶች ሌላ በሥራው ጥቂት ሆነው ለተገኙ ወገኖችም ተከፈተ፡፡

አሁን ‹የሚመዘነው ሥራው ነው› ወደሚለው እምነት እንመለስ፡፡ በ2017 ጊትሀብ በተባለው የሥራ መድረክ ላይ የተላኩ እርማቶችን የመረመረ ጥናት ወጣ፡፡ በጠቅላላው የሴቶቹ እርማት ከመቶ 79 ያህል ተቀባይነት ሲያገኝ የወንዶቹ ከመቶ 75 ያህል ነበር፡፡ ይህ ብቻ ቢሆን እምነቱ በተረጋገጠ ነበር፡፡ ነገር ግን ለሥራው እንግዳ የሆኑት ሴቶች ተለይተው ሲታዩ፣ ጾታቸው ካልታወቀ ከመቶ 71.8 ተቀባይነት ያገኛሉ፤ ሴት መሆናቸው ከታወቀ ግን ወደ 62.5 ይወርዳል፡፡ የወንዶቹም ጾታቸው ሲታወቅ ይቀንሳል፤ የሴቶቹን ያህል ግን አይደለም፡፡ ሴቲቱ በማኅበሩ ከታወቀች በኋላ እንዲህ ያለው ማነስ አይታይም፡፡ በእኔ አስተያየት የጥናቱ ፍሬ ይህ መጨረሻው ነው፤ እንቅፋቱ ያለው ከደጁ ላይ ነውና፡፡ በ2015 የወጣ፣ ከ23 ሺሕ በላይ የሆኑ ሥራዎችን የተመለከተ ሌላ ጥናትም ወንድና ሴት፣ ነባርና አዲስ የተቀላቀለበት ቡድን ይበልጥ ብዙ ሥራ እንደሚሠራ አሳይቷል፡፡

የአነጋገሩ ደንብ ወደ ዋናው ማኅበር ለመግባት ግን ብዙ ዘገየ፡፡ በሴፕቴምበር 2018፣ ሊኑክስቺክስ ሁለቱን ደንቦች ከያዘ 19 ዓመት ሆኖት፣ የሊኑክስ መሥራች ሚስተር ሊኑስ ቶርቫልድስ በደብዳቤዎቻቸው ስለ ተናገሩት ክፉ ቃል በይፋ ይቅርታ ጠየቁ፤ ሥራቸውንም ለጥቂት ሳምንት ለሌላ አስረክበው ዕረፍት ወጡ፡፡ በዚያው ወር የከርነሉ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው ሊነጋገሩበት የሚገባው የሥነ ምግባር ደንብ ተጽፎ ከምንጭ ጽሑፉ ጋር ገባ፡፡ እሳቸውም በኦክቶበር ተመለሱ፡፡