ጠገራ ብር በመነጽር ሲታይ፤ ከጀልዴሳ የሲራራ መንገድ ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ባዶ ቀለበት ነው። ለጣት የምትደረግ ቀለበት አይደለችም፤ በፎቶግራፍ መኪናና በመነጽሩ መካከል የምትገባ፥ በውስጧ አንዳች መስታወት የሌለባት የብረት ቱቦ ናት። የታሪክ ንግግር ለመስማት የተቀመጣችሁ አድማጮች፥ ይህ ከታሪክ ጋራ ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። የሚያገናኘው በጀልዴሳ በኩል ነውና ከዚያው እጀምራለሁ።

ጀልዴሳ በዛሬው የድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ፥ ከከተማው በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ የሐረር ተራሮች አልቀው በረሃው ከሚጀምርበት ላይ የምትገኝ ሥፍራ ናት። ድሬዳዋ ከመቆርቆሯ በፊት፥ ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው የሲራራ መንገድ ዋና ማረፊያ ይህች ነበረች። የኢሳ ግመሎች ከባሕሩ ጠረፍ ተሸክመው ያመጡትን ሸቀጥ እዚህ ያራግፋሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ዳገት ለቆላ ግመል የሚመች አይደለምና፥ ጭነቱ በአህያና በበቅሎ ተከፋፍሎ ወደ ደጋው ይወጣል። ከሐረር የሚወርደው ቡናና ቆዳም እንደዚሁ ከአህያ ጀርባ ወደ ግመል ጀርባ የሚዛወረው እዚሁ ነበር። ስለዚህ ጀልዴሳን የያዘ የሐረርን በር ያዘ ማለት ነው። ግብጾች ሐረርን በያዙበት ዘመን፥ ይኸውም ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ድረስ፥ ወታደር አስቀምጠውባታል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ሲይዙም ኬላነቷ አልቀረም።

በዚያ መንገድ ወደ አገራችን ከገቡት ብዙ ነገሮች ውስጥ ዛሬ የምመለከተው ሁለቱን ብቻ ነው። አንደኛው የፎቶግራፍ መኪና፥ ሁለተኛው ጠገራ ብር ነው።

በወጣትነቱ ግጥም ጽፎ የተወው፥ በኋላም አልፍሬድ ባርዴ ለተባለው የዓደን ነጋዴ ተቀጥሮ በሐረር ቡናና ቆዳ ይገዛ የነበረው ፈረንሳዊ አርቱር ራምቦ፥ የፎቶግራፍ መሣሪያ ከአገሩ አስመጣ። ዕቃው በ1875 ዓ.ም. ዓደን ደረሰለት፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወርም ወደ ሐረር ተነሣ። በሚያዝያ መጨረሻ ለቤተ ሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ራሱ ራሱን ያነሣባቸውን ሦስት ፎቶግራፎች ላከ። በአንደኛው በቤቱ ሰገነት ላይ፥ በሁለተኛው በቡና ተክል ውስጥ፥ በሦስተኛው እጁን አጣምሮ በሙዝ ተክል መካከል ቆሟል። ሥዕሎቹ ሁሉ መንጣታቸውን፥ ምክንያቱም ያጠበበት ውሃ ክፉ መሆኑን በዚያው ደብዳቤ ገልጧል። ከሌሎቹ ሥራዎቹ መካከል የሐረሩ የከረጢት ሠሪ ሥዕል እስከ ዛሬ አለ። መኪናውን ግን በ1877 ዓ.ም. ሸጠው፤ እየጸጸተው ቢሸጠውም በዋጋው አልከሰረም፤ ይህንንም የምናውቀው ከራሱ ደብዳቤ ነው። ዛሬ በሐረር የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጠራው፥ የቀድሞዪቱ ሐረር ፎቶግራፎች የሚታዩበት ያማረ ቤት፥ ከእርሱ ዘመን በኋላ የተሠራ መሆኑን በማለፊያው ላስታውስ።

በዚያ ዘመን በመንገደኞች እጅ ይገኙ የነበሩት የፎቶግራፍ መኪናዎች አብዛኞቹ ከፊት መነጽር፥ ከኋላ ብርሃን የሚቀበል መስታወት፥ በሁለቱ መካከል ደግሞ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ቆዳ ወይም ጨርቅ ነበራቸው። የነገሩ ምሥጢር ሁሉ ያለው በዚህ ወናፍ ላይ ነው። ሩቅ ያለውን ተራራ ለማንሣት መነጽሩ ወደ መስታወቱ ይቀርባል፤ በቅርብ ያለውን ፊት ለማንሣት ጥቂት ይርቃል፤ በእጅ መዳፍ ላይ ያለውን ፍሬ በጉልህ ለማንሣት ግን ወናፉ በጣም መዘርጋት አለበት። ዓይን ወደ ዕቃው በቀረበ መጠን መነጽሩ ከኋላው መስታወት መሸሽ አለበት ማለት ነው። ሕጉ ለሰሚው የተገላቢጦሽ ቢመስልም እውነቱ ይኸው ነው።

ጀልዴሳ ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆየችም። የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፥ ግመሉ የሚያራግፍበት ምክንያት ጠፋ፤ የሲራራው ገበያና ኬላው ወደ አዲሱ ከተማ ዞረ። ባቡር አንዱን ቦታ ሲያነሣ ሌላውን እንደሚጥል በጀልዴሳ በግልጥ ታይቷል።

ወናፉም በፋንታው ተሻረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ኪኔ ኤክሳክታ የተባለ፥ በ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚሠራ መኪና ወጣ። ይህ መኪና አንሺው በዚያው በሚያነሣበት መነጽር ውስጥ እንዲያይ ያስችል ነበር፤ መነጽሩም የሚነቀልና የሚተካ ነው። ነገር ግን ወናፍ የለውም፤ መነጽሩ በገዛ ጥምዙ ወደ ፊት የሚወጣው በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ፥ ከክንድ ርቀት እጅግ ቀርቦ ማየት አይችልም። ባዶዋ ቀለበት የተፈለገችው ለዚህ ነው። መነጽሩ ይነቀላል፤ ቱቦው በቦታው ይገባል፤ መነጽሩ በቱቦው ጫፍ ላይ ይታሠራል። የተዘረጋ ወናፍ ያደርግ የነበረውን ሥራ፥ የማይቀደድና አቧራ የማያስገባ ብረት ይሠራዋል። ቱቦውን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ አገላብጦ መስታወቱን ይፈልጋል። መስታወት የለበትም፤ የሚሸጠው ርቀት ነው።

አሁን ወደ ጠገራ ብር ልመለስ። በጀልዴሳ ኬላ ያለፈው ንግድ አብዛኛው የተከፈለው በዚህ ገንዘብ ነበር። በአንድ ፊቱ የኦስትሪያዪቱ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ፥ በሌላው ሁለት ራስ ያለው ንስር፥ በጠርዙም ዙሪያ ፍትሕና ምሕረት የሚል የላቲን ቃል አለበት። ነጋዴው ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የልብስ መርፌ ጌጥ አጥብቆ ይመለከት፥ በእርሱ ላይ ያሉትን ዘጠኙን ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር፤ ያልጠራ እንደ ሆነ አይቀበልም።

ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ንግሥቲቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ዓ.ም. ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ጠገራ ብር ሁሉ፥ መቼም ይመታ የት፥ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት ይዟል። ቪየና ብቻ አይደለችም የመታችው። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፥ በ1927 ዓ.ም. የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮማ ከተማ ታትም ጀመር። ከዚያም ለንደንና ሌሎች ከተሞች ተከተሉ። ስለዚህ በአንዲት እናት አንገት ላይ በአንድ ክር ከተሰኩት ብሮች አንዱ በጀልዴሳ በኩል በግመል የመጣ የቡና ዋጋ፥ ሁለተኛው ደግሞ ለወረራ ተብሎ የተመታ ሊሆን ይችላል፤ ምሕረት የሚለው ቃል በሁለቱም ጠርዝ ላይ አለ። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለያዩት በዕንቁዎቹ ቅርጽ፥ በንስሩ የጅራት ላባ አቀማመጥና በመሳሰሉት ጥቃቅን ምልክቶች ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ጠገራ ብር ከገበያ እየወጣ ብዙው ቀልጦ ጌጥ ሆነ። የቀለጠ ብር ደግሞ የት እንደ ተመታ ሊጠየቅ አይችልም። ሳይቀልጥ የተረፈውን በጉልህ ማንሣት ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ሥራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የቱቦው ርዝመት ለመነጽሩ ቁጥር ሲካፈል የምስሉን መጠን ይሰጣል። በ50 ሚሊሜትር መነጽር ላይ 25 ሚሊሜትር ቱቦ ቢገባ ምስሉ የዕቃው ግማሽ ይሆናል። ጠገራ ብር ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ያህል ነውና፥ ግማሹ 20 ሆኖ በ24 በ36 ሚሊሜትር ፊልም ላይ ሙሉ ፊቱ ይገባል። ቱቦው 50 ሚሊሜትር ሲሆን ምስሉ ከዕቃው ጋራ ይተካከላል፤ ያን ጊዜ ብሩ ሞልቶ ይፈሳል፥ የንግሥቲቱ ትከሻና ጌጡ ግን ደኅና አድርጎ ይታያል። የሚከፈለው ዋጋ ብርሃን ነው። እኩል በእኩል ሲነሣ የሚያስፈልገው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል፤ በጥራት የሚታየው ውፍረትም የመነጽሩ ቀዳዳ በ8 ቁጥር ላይ ሲሆን ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ብሩ ከመኪናው ፊት ጋራ ፍጹም ትይዩ ይሁን፤ መኪናው በእግር ላይ ይቁም፤ መነጽሩን ከማዞር ይልቅ መኪናው ራሱ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋ።

ለዚህ ሥራ ከአዲሱ ይልቅ አሮጌው መነጽር መመቸቱ ያስገርማል። አዲሶቹ መነጽሮች ቀዳዳቸውን የሚያጠቡት ከመኪናው በሚመጣ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው፤ ተራ ባዶ ቱቦ ሲገባ ትእዛዙ ይቋረጣል። በፔንታክስና በዜኒት ላይ ይታሠሩ የነበሩት ባለ 42 ሚሊሜትር ጥምዝ መነጽሮች ግን ቀዳዳቸው በእጅ በሚዞር ቀለበት ይጠባል። መስተዋት በሌላቸው በዛሬዎቹ ዲጂታል መኪናዎች ላይም በትንሽ ማገናኛ ይገባሉ። አባት ያስቀመጡት መነጽር በቁም ሣጥን ውስጥ ካለ አይጣል።

ብርሃኑ ከመስኮት በኩል በዝቅታ ከጎን ይምጣ፤ ከፊት የመጣ ብርሃን ብሩን መስታወት ያደርገዋል እንጂ ዕንቁውን አያሳይም። ከማንሣት በፊት በአመድም ሆነ በሎሚ መወልወል ክልክል ነው፤ የሚጠፋው እድፉ ብቻ አይደለምና። ከብሩ አጠገብ ማስመሪያ ይቀመጥ።

እኔም በዚህ መንገድ ከአንድ የአንገት ጌጥ ላይ ሦስት ብሮች ለማንሣት ሞክሬ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ መኪናውን በእጄ ስለ ያዝሁት ሁሉም ደብዝዞ ወጣ። በሁለተኛው ቀን የሁለቱ ብሮች ንስሮች ፍጹም አንድ ሲሆኑ፥ የሦስተኛው የጅራት ላባ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ጌጡን ያዋሱኝን እናት ልዩነቱን በሥዕሉ ላይ ባሳያቸው ጊዜ ረጅም ጊዜ ተመለከቱና፥ የመካከለኛው ብር ከእናታቸው፥ የዳሩ ከባላቸው ወገን የመጣ መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያም እሑድ ሰርግ ስላለባቸው ጌጡን እስከ ቅዳሜ እንድመልስ አዘዙኝ።