ዶክተር ወይስ ኢንጂነር? የስድስት ኪሎ ታሪክና የቀዶ ሕክምና ሮቦት

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈችልኝ። አሁን ሐኪም ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል እያለች የቤተ ሙከራችን ማይክሮስኮፕ መብራቱ ጠፍቶ ሁለት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ካቻቢቴ ከቤት አምጥታ፣ ፈትታ፣ ሽቦውን ቀጥላ ያበራችው እሷ ናት። እኔ ያኔ ምን አልኳት? «ይሄን የእጅ ሥራ ተይውና ለሜዲስን ነጥብ አምጪ።» ደግ የመከርኩ መስሎኝ።

መልእክቷ እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ ተረኛ ሆኜ ባደርኩበት ሌሊት ሳክሽን የሚባለው የፈሳሽ መምጠጫ ማሽን አልሠራ አለ። የጥገና ሰው የሚመጣው ሲነጋ ነው አሉኝ። ከፈትኩት፤ ፊውዙ ነው የተቃጠለው። ቀይሬው ሠራ። ያኔ ማይክሮስኮፑን ተይው ባይሉኝ ኖሮ ዛሬ ምን እሆን ነበር እያልኩ አነጋሁ።» መጨረሻው ላይ የሳቅ ምልክት አድርጋበታለች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ለዚች ልጅ ሁለት በር ብቻ ነበር ያሳየኋት፦ ዶክተር ወይ ኢንጂነር። ሦስተኛ በር እንዳለ አላውቅም ነበር። ሰሞኑን እያነበብኩ ስገረም የከረምኩት በዚህ ነው። በሩ አዲስ አለመሆኑ ብቻ አይደለም፤ እኛ በየቀኑ ታክሲ የምንጠብቅበት ሰፈር ታሪኩ ውስጥ መኖሩ ነው። ኑ እስቲ፣ ከስድስት ኪሎ እንጀምር።

ዳገቱ ላይ ያለው ትምህርት ቤት

ከአደባባዩ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጡ የምታገኙት የድሮው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም ሲከፈት እንዲመሩት የተሾሙት ማን እንደነበሩ ታውቃላችሁ? ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት በ1860 ዓ.ም ገና ሕፃን ነበሩ፤ እንግሊዞች ወስደው ሕንድ ውስጥ አሳደጓቸው፤ ሕክምና ተማሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፈልገው መጡ። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት እሳቸው ናቸው።

እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። እኚሁ ሐኪም ኋላ የጨርጨር ገዥ ሲሆኑ መንገድ ያሠሩ ነበር። ሕመምተኛ የሚያክም ሰው ስለ ድልድይና ስለ ጠጠር መጨነቁ በዚያ ዘመን ማንንም አላስገረመም። አገሩ የጎደለውን አይቶ፣ የጎደለውን ሠራ። አለቀ።

ከዚያው ትምህርት ቤት ከወጡት ልጆች አንዱ ደግሞ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ናቸው። ከተፈሪ መኮንን ወደ እስክንድርያ፣ ከዚያም ወደ ኤደንብራ ሄደው ሕክምና ተምረዋል፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ተብለው ይጠቀሳሉ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የሕክምና ፋኩልቲው ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ።

ያ ግቢ ዛሬ ምንድን ነው? እንጦጦ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ። የቀዶ ሐኪሙ ፊደል የቆጠሩበት ግቢ አሁን ካቻቢቴና ብየዳ ይማሩበታል። እኔ ይሄን ሳስብ የሆነ ነገር ሊነግረን የፈለገ ይመስለኛል።

አጥሩ

አሁን ወደ አደባባዩ እንመለስ። ከሰማዕታት ሐውልቱ አጠገብ የካቲት 12 ሆስፒታል አለ። በ1910ዎቹ አጋማሽ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ዘመን «ቤተ ሳይዳ» ተብሎ የተጀመረው፣ ስዊድናዊው ዶክተር ሃነር ይመሩት የነበረው ሆስፒታል ነው። ዛሬ ራሱ የሕክምና ኮሌጅ ሆኗል። እዚያው አካባቢ ደግሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አለ። ንጉሡ ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1954 ዓ.ም ተመረቀ።

ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ ውረዱ። የኢንጂነሪንግ ኮሌጁ በ1945 ዓ.ም ገደማ የተጀመረ ነው። የዛሬው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አምስት ኪሎ ነው ያለው። መንገድ፣ ግድብ፣ ፋብሪካ የሠሩልን ብዙዎቹ መሐንዲሶች ከዚያ የወጡ ናቸው።

ከየካቲት 12 በር እስከ አምስት ኪሎ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ቀስ ብትሉ አሥራ አምስት። ግን የሕክምናው ተማሪ ወደ ጥቁር አንበሳ ሄደ፣ የምሕንድስናው አምስት ኪሎ ቀረ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት አንዱ የሌላውን ግቢ ሳይረግጥ ተመረቀ። እኛ መምህራንም አጥሩን ወደ ክፍላችን አመጣነው፦ «ባዮሎጂ የምትወድ እጅህን አውጣ፤ ፊዚክስ የምትወድ እጅህን አውጣ።» ሁለቱንም እጁን ያወጣ ልጅ ግራ የገባው ይመስለን ነበር።

አጥሩ ሲፈርስ ምን እንደሆነ

ሮቦት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የምትለን ሶፊያ ናት። በ2010 ዓ.ም አዲስ አበባ መጥታ በአማርኛ ሰላም ያለችን። ሶፍትዌሯ ላይ የእኛው የአይኮግ ላብስ ልጆች እጅ አለበት፤ ያ ያኮራል። የቀዶ ሕክምና ሮቦት ግን ፊት የለውም፣ አያወራም። የብረት ክንድ ነው።

ታሪኩ እ.ኤ.አ በ1985 ይጀምራል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ክዎ የሚባል መሐንዲስና ባልደረቦቹ ለፋብሪካ የተሠራ ፑማ የሚባል የሮቦት ክንድ ወስደው ከሲቲ ስካን ጋር አገናኙት። ከአንድ ሕመምተኛ አንጎል ናሙና ሲወሰድ ክንዱ የመርፌውን መምሪያ በትክክለኛው ቦታ ይዞ ቆመ። ሮቦቱ አልቆረጠም፣ አልወጋም። ሳይንቀጠቀጥ ያዘ፤ ያ ብቻ በቂ ነበር።

ከዚያ ራስል ቴይለር የሚባሉ ሰው ይመጣሉ። የዚህ ሙያ አባት ይሏቸዋል። መጀመሪያ የተማሩት ምሕንድስና ነው፣ በጆንስ ሆፕኪንስ። በ1976 ከስታንፎርድ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬታቸውን ይዘው አይቢኤም ገቡ፤ ሥራቸው የፋብሪካ ሮቦት ማዘዣ ቋንቋ ነበር። በ1980ዎቹ አንድ የአጥንት ሐኪምና አንድ የእንስሳት ሐኪም ችግራቸውን ይዘው ወደ አይቢኤም መጡ። የዳሌ መገጣጠሚያ ሲቀየር በጭን አጥንት ውስጥ የብረት ዘንግ ይገባል። ሐኪሙ ጉድጓዱን በእጁ ሲቆፍረው ክፍተት ይተርፋል፤ ክፍተት ካለ አጥንቱ ዘንጉን አጥብቆ አይዘውም። እንጨት የሠራ ሰው ይገባዋል፤ ማጠፊያው በልኩ ካልተፈለፈለ በሩ ይንገዳገዳል።

ቴይለርና ጓደኞቻቸው አጥንቱን በልክ የሚፈለፍል ሮቦት ሠሩ፤ ሮቦዶክ። የመጀመሪያ ታካሚዎቹ እነማን ነበሩ? በ1990 ዳሌያቸው የታመመ 26 ውሾች! እነሱ ቆመው ሲሄዱ ከታየ በኋላ ነው በ1992 ወደ ሰው የተሻገረው።

ቴይለር በ1995 ከኩባንያው ወጥተው ወደ ተማሩበት ጆንስ ሆፕኪንስ በመምህርነት ተመለሱ። እዚያ ከተማሪዎቻቸው ጋር ከሠሯቸው አንዱ ለዓይን ቀዶ ሕክምና የሚሆን ሮቦት ነው። ዓይን ውስጥ ከፀጉር ዘለላ የማይወፍር የደም ሥር አለ፤ የሰው እጅ ደግሞ የቱንም ያህል ቢሠለጥን ትንሽ ይንቀጠቀጣል። መላው ቀላል ነው፦ አንዱን መሣሪያ ሐኪሙም ሮቦቱም አብረው ይይዙታል። እጀታው ላይ ያለ ሴንሰር የሐኪሙን ግፊት ይለካል፣ ሮቦቱ ወደዚያው በቀስታ ይከተላል፣ መንቀጥቀጡን ግን ያስቀራል። ሕፃን ልጅ እስክርቢቶ ሲይዝ ከላይ እጁን ይዘን እንደምናስጽፈው ማለት ነው።

በ2000 ዳ ቪንቺ የተባለው ሮቦት በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ሐኪሙ ከታካሚው ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፣ ሆድ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ብረቶች ያንኑ ይደግማሉ። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 2 ቀን 1993 ዓ.ም ደግሞ ኒውዮርክ የተቀመጡ ሐኪሞች ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የተኛች ሴትን ሐሞት ከረጢት በሌላ ሮቦት አወጡ። አትላንቲክ በመካከል! ወሬው ግን ብዙ አልቆየም። ከአራት ቀን በኋላ፣ በእኛ እንቁጣጣሽ ቀን፣ የኒውዮርክ ሕንፃዎች ተመቱ፤ ዓለም ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር አስተውሉ። ሐኪሙ ብቻውን አልሠራውም፤ መሐንዲሱም ብቻውን ምን መሥራት እንዳለበት አያውቅም ነበር። አንዱ «እዚህ ጋ ተቸገርኩ» አለ፣ ሌላው ካቻቢቴውን አነሳ።

የእኛዎቹስ?

የእኛ ሰዎች በዚህ መንገድ ላይ አሉ። ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ።

ፕሮፌሰር ዮናስ ታደሰ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ ውስጥ የሮቦት ቤተ ሙከራ ይመራሉ። ዶክትሬታቸውን የሠሩት ቨርጂኒያ ቴክ ነው። በ2012 ስማቸው መጀመሪያ ላይ በተጻፈበት ጥናት በሃይድሮጅን የሚንቀሳቀስ፣ ጄሊፊሽ የሚባለውን የባሕር ፍጥረት የሚመስል ሮቦት ለዓለም አሳይተዋል። ኋላ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ደግሞ ለእኛ የቀረበ ነው፦ የሰው እጅ የሚመስል ሮቦት፣ ጡንቻው ከናይሎን ክር የተሠራ። ብር የተቀባ የስፌት ክር ወስዳችሁ፣ ጫፉ ላይ ክብደት አንጠልጥላችሁ፣ እንደ ስፕሪንግ እስኪጠመጠም ብታከሩት፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጠውና ሲሞቅ ይኮማተራል፤ ሲቀዘቅዝ ይረዝማል። እንደ ጡንቻ! ቀላልና ርካሽ ሰው ሠራሽ እጅ ለመሥራት መንገድ ይከፍታል። በጦርነትና በመኪና አደጋ እጅና እግር የሚታጣበት አገር ልጆች ነንና፣ ይሄ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አይጠበቅብኝም።

ፕሮፌሰር ሳሙኤል ክንዴ ደግሞ ሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምሕንድስና መምህር ናቸው። ከአንጎል ምልክት የሚያነቡ፣ ከካርቦን የተሠሩ ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች ላይ ይሠራሉ። በ2011 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መሪነት የተቋቋመውና ኤምአይቲና ሳንዲያጎ ያሉበት የነርቭ ምሕንድስና ማዕከል ምክትል ዳይሬክተርም ነበሩ። ግቡ ገመዱ ለተቋረጠበት ሰውነት፣ ማለትም አንጎሉ እያዘዘ እጁ ለማይሰማው ሰው፣ አዲስ መስመር መዘርጋት ነው።

ሁለቱም ስማቸው የሚጠራው በሜካኒካል ምሕንድስና ትምህርት ክፍል ነው፤ ሥራቸው ግን የሰው አካል ላይ ነው። ሦስተኛው በር ይሄ ነው።

«እኛ ፊውዝ ቸግሮን ስለ ሮቦት ታወራለህ?»

ይሄን የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ዳ ቪንቺ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ለእኛ ሆስፒታሎች ነገ ይግዙልን አላልኩም።

ግን በ2011 እ.ኤ.አ የወጣ አንድ ጥናት ልንገራችሁ። ተመራማሪዎቹ በ16 ድሃ አገሮች ከ112 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጠሩ። 38 በመቶ ያህሉ አይሠሩም ነበር። ምክንያት ብለው ያስቀመጡት የሠለጠነ ሰው ማነስን፣ የአስተዳደር ጉድለትንና የመብራትና የመሠረተ ልማት ችግርን ነው። ማሽኑ አለ፤ ከማሽኑና ከሐኪሙ መካከል የሚቆም ሰው ግን የለም።

ያ ሰው ባዮሜዲካል ኢንጂነር ይባላል። ፊውዝ የሚቀይረውም፣ ሮቦት የሚሠራውም ያው አንድ ሙያ ነው፤ ልዩነቱ የደረጃ ነው። ከ2000 ዓ.ም በኋላ ባሉት ዓመታት ትምህርቱ አገራችን ገብቷል። ጅማ አለ፣ ጎንደር አለ፣ እዚሁ አምስት ኪሎም አለ። አጥሩ መፍረስ ጀምሯል ማለት ነው። እኔ ተማሪዬን ስመክር ይሄን አለማወቄ ነው የሚቆጨኝ።

እኔ የዲፕሎማ መምህር ነኝ፤ የቀዶ ሕክምና ሮቦት በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ግን መምህር የሚያሳየው በር የተማሪውን ዕድሜ ይወስናል። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ አደራ፦ ሁለቱንም እጁን ያወጣ ልጅ ካያችሁ አንዱን እጅህን አውርድ አትበሉት።

ለተማሪዬም እንዲህ ብዬ መለስኩላት፦ «ይቅርታ አድርጊልኝ። ማይክሮስኮፑን ተይው ማለት አልነበረብኝም። ግን አልረፈደም፤ ራስል ቴይለር ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገቡት ፋብሪካ ውስጥ ዓመታት ከሠሩ በኋላ ነው። አንቺ ደግሞ ችግሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ነሽ። የቸገረሽን ጻፊ፣ ከአምስት ኪሎ ልጆች ጋር ተገናኚ።»

ወዲያው መለሰችልኝ፦ «ቲቸር፣ ካቻቢቴዋ እኮ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ናት።»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ፣ እህት ወይ ወንድም ካላችሁ አድርሱልኝ። በባዮሜዲካል ተመርቃችሁ በየሆስፒታሉ የምትሠሩ ደግሞ ልምዳችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ልጆቹ ከእናንተ ይስሙ።

መልካም ሳምንት!