የኮሎይድ ብር መጠንና ጽናት፤ የአፈታተኑ ታሪክ

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ሁለት የብር ሽቦዎችን በንጥር ውኃ ነክሮ፥ ከ9 ቮልት ባትሪዎች ጋር አገናኝቶ፥ ለራሱ መድኃኒት የሚሆን «ኮሎይድ ብር» በቤቱ የሚያዘጋጅ ሰው አይታጣም። አዘጋጁ ብዙውን ጊዜ ሁለት መፈተኛዎች አሉት። አንደኛው ውኃው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታውን የሚለካ፥ እንደ እስክሪብቶ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ሲሆን፥ ሁለተኛው የሌዘር ጮራ ነው። በመጀመሪያው የብሩን መጠን፥ በሁለተኛው ኮሎይድነቱን ያረጋገጠ ይመስለዋል። የእነዚህን ሁለት ምስክሮች ቃል ለመመዘን የአፈታተኑን ታሪክ ከሥሩ መመልከት ይበጃል። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጮራው ሙከራ ከሌዘር እጅግ ይቀድማል። ማይክል ፋራዳይ በ1857 በለንደን ባቀረቡት ጥናት፥ ቀይ መልክ ባለው የወርቅ ኮሎይድ ውስጥ ብርሃን ሲያልፍ መንገዱ ደምቆ እንደሚታይ፥ ጥቂት ጨው ሲጨመርበትም ቀዩ ወደ ሰማያዊ እንደሚለወጥ ገለጡ። ክስተቱ ዛሬ የሚጠራው በኋላ በሰፊው ባጠኑት በጆን ቲንዳል ስም ነው። ይሁን እንጂ ጮራው የሚመሰክረው ቅንጣት መኖሩን ብቻ ነው፤ ቅንጣቱ ንጹሕ ብር ይሁን፥ አቧራ ይሁን፥ ወይም ጨው ካለበት ውኃ የተፈጠረ ብር ክሎራይድ ይሁን አይለይም።

ብርን በኮሎይድ መልክ በማዘጋጀት ስማቸው የሚነሣው አሜሪካዊው ኬሪ ሊ ናቸው። በ1889 ሥራቸውን ሲያሳትሙ ያገኙት ሌላ ዓይነት ብር መስሏቸው ነበር። ነገሩ የጥቃቅን ቅንጣቶች ጉዳይ መሆኑን በዐይን ለማየት ዚግሞንዲና ዚደንቶፍ በ1903 ያስተዋወቁት አልትራማይክሮስኮፕ አስፈለገ።

ሕክምናው ግን ይህን አልጠበቀም። በ1897 ጀርመናዊው ሐኪም ቤኖ ክሬዴ ኮላርጎልን አስተዋወቁ፤ በ1902 ደግሞ አልበርት ባርንስና ኸርማን ሂለ በፊላደልፊያ አርጂሮልን ለገበያ አቀረቡ። (ባርንስ በዚህ መድኃኒት ባገኙት ሀብት ስመ ጥር የሆነውን የሥዕል ስብስባቸውን አቋቋሙ።) ለመድኃኒት ቀማሚ ትልቁን ትምህርት የያዘው የእነዚህ መድኃኒቶች ስያሜ ነው። በአሜሪካ የመድኃኒት ደንብ መጻሕፍት «ብርቱ» የተባለው የብር ፕሮቲን በውስጡ ከ7.5 እስከ 8.5 በመቶ ብር ሲኖረው፥ «ለስላሳ» የተባለው ከ19 እስከ 23 በመቶ ነበረው። ለስላሳው ይህን ስም ያገኘው ነፃ የብር አዮኑ አነስተኛ ስለ ሆነና ዐይንና አፍንጫን ስለማያቃጥል ነው። ከሁለት እጥፍ በላይ ብር የተሸከመው መድኃኒት የዋህ ስም ይዞ በመደርደሪያ ተቀመጠ ማለት ነው።

ጠቅላላውን ብር ለማወቅ አስተማማኙ መንገድ ያኔም ታውቆ ነበር። ያዕቆብ ፎልሃርድ በ1874 ባወጡት ዘዴ መሠረት፥ ፕሮቲኑ ይቃጠላል፤ ብሩ በናይትሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ከዚያም የብረት አዮን ምልክት እየሰጠ በታዮሳያኔት ይለካል። ከ0.1 ኖርማል ታዮሳያኔት 1 ሚሊ ሊትር የሚመልሰው 10.79 ሚሊ ግራም ብር ነው። እንግዲህ በሊትር 10 ሚሊ ግራም አለው የሚባለውን የቤት ውስጥ ውኃ በዚሁ ዘዴ ለመፈተን፥ አንድ ሙሉ ሊትር ተኖ አልቆ እንኳ ከቢዩሬቱ የሚወርደው ከ1 ሚሊ ሊትር ያነሰ ነው። ለእንዲህ ያለው ጥቂት መጠን የተሻለው መሣሪያ አለን ዎልሽ በ1955 መሠረቱን የጣሉለት የአቶሚክ አብዞርፕሽን መለኪያ ነው። ያም ቢሆን ናሙናው አስቀድሞ በራሱ ጠርሙስ ውስጥ በአሲድ ካልታከመ፥ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ብር ከሒሳቡ ይቀራል።

እስክሪብቶ መሳዩ መሣሪያ የሚያነበው አዮኖችን ብቻ ነው። የብሩ አዮን ወደ ቅንጣት ሲለወጥ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ብሩ ግን ከጠርሙሱ አልወጣም። ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንጻሩ አንዳች ብር ሳይጨመር ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

የጽናቱ ጥያቄ ሌላ ነው። ሹልትሰ በ1882፥ ሃርዲ በ1900 እንዳመለከቱት፥ ኮሎይድን የሚያጓጉለው በተቃራኒ ሙል ያለው አዮን ሲሆን፥ የአዮኑ ሙል በጨመረ ቁጥር ጥቂቱ ይበቃል። ዚግሞንዲ በ1901 ያወጡት «የወርቅ ቁጥር» ደግሞ እንደ ጄላቲን ያሉ ነገሮች ኮሎይዱን ከጨው የመጠበቅ ኃይላቸውን ይለካል። ኮላርጎልና አርጂሮል እንዲህ ያለ ጠባቂ ፕሮቲን ነበራቸው፤ በባትሪ የተሠራው ውኃ የለውም። ጥቃቅኑ የብር ቅንጣት 400 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ስለሚውጥ ውኃው ቢጫ ይመስላል፤ ሲጓጉል ቢጫው ይደበዝዝና ግራጫ ዝቃጭ ከታች ይቀመጣል። ያን ጊዜ ከላይ የተቀዳው ማንኪያና ተበጥብጦ የተቀዳው ማንኪያ አንድ መጠን አይሰጡም።

ጉዳዩ የላቦራቶሪ ብቻ ያልሆነው በአርጂሪያ ምክንያት ነው። በሰውነት የተጠራቀመ ብር ቆዳን ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይለውጣል፤ መልኩም ተመልሶ አይጠራም። ሂልና ፒልስበሪ በ1939 ባሳተሙት መጽሐፍ ከተሰበሰቡት ሕሙማን መካከል ለስላሳ የተባለውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙ ይገኛሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በነሐሴ 1999 ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የኮሎይድ ብር መድኃኒቶች ደኅንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም የታወቀ አይደለም ሲል ወሰነ።